አንድ ማይክ፣ አራት ድምፅ፦ በአሬንጀር ኪቦርድ ስለሚሠራ ቮካል ሃርሞኒ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሬንጀር ኪቦርድ (ግራ እጅን ተከትሎ ሪትሙንና ቤዙን ራሱ የሚጫወት) ላይ ማይክ ሰክቶ የሃርሞኒውን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫነ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ከኋላው ሦስት ተቀባይ የቆመ ይመስለዋላ። ሳቁ ግን አንድ ዘፈን አይሞላም። ድምፁ ይዛነፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም የመኪና ጥሩንባ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያጠፋውና ዳግመኛ አይነካውም። እኔም አንድ ዓመት ያህል አልነካሁትም ነበር። ከታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። ግማሾቹን በጊዜው እኔም ጠይቄያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኖታዎቹን በዶ ሬ ሚ ነው የምጠራቸው። ኪቦርዲስቶች “ሲ ሜጀር” ስንል የእንግሊዝኛውን ፊደል ማለታችን ነው፤ እሱ በሶልፌጅ ዶ ነው። የሶልፌጁ ሲ ደግሞ ሌላ ኖታ ነው። ሁለቱን እዚህ ካደባለቅኳቸው እኔም እናንተም እንጠፋለን።

ቮካል ሃርሞኒ ከኢኮና ከሪቨርብ በምን ይለያል?

ኢኮ የዘፈናችሁትን ይደግመዋል። ሪቨርብ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የቆማችሁ ያስመስለዋል። ሁለቱም ኖታውን አይነኩትም። ሃርሞኒ ግን ከአንድ ድምፅ ሌላ ድምፅ ይሠራል። እናንተ ሶል ስትዘፍኑ ማሽኑ ድምፃችሁን ይገለብጥና አንዱን ቅጂ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ከእናንተው ጋር ያሰማል። ቃሉን እናንተ ናችሁ የምትሉት፤ ተቀባዮቹም የእናንተው ጉሮሮ ናቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢቨንታይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤች910 የሚባለውን ሃርሞናይዘር ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ያ ማሽን ድምፁን በተነገረው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ ዘፈኑ የት ኮርድ (አብረው የሚጮሁ ኖታዎች) ላይ እንዳለ አያውቅም። አሬንጀር ኪቦርድ ውስጥ ያለው ሃርሞኒ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ኮርዱን ያውቃል።

የትኛው ኪቦርድ ነው ይህ ያለው?

ከያማሃ የታይሮስ ቤተሰብ፣ ጂኖስ እና ፒኤስአር-ኤስኤክስ900 አላቸው። ከኮርግ ፒኤ4ኤክስ እና ፒኤ1000 የቲሲ-ሄሊኮንን የድምፅ ማቀናበሪያ ውስጣቸው ይዘው ነው የተሠሩት። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚገኘው ወደ ላይኛው ደረጃ በሚጠጉት ሞዴሎች ላይ ነው።

ጥንቃቄ ግን አለው። ማይክ መሰኪያ መኖሩ ሃርሞኒ አለው ማለት አይደለም። ማይክ ተቀብሎ ሪቨርብ ብቻ የሚጨምር ኪቦርድ ሞልቷል። ሌላም ማሳሳቻ አለ፤ “ሃርሞኒ” የሚል ቁልፍ ብዙ ርካሽ ኪቦርድ ላይ ታያላችሁ። እሱ በቀኝ እጅ በምትጫወቱት ዜማ ላይ ኖታ የሚጨምር ነው። ከማይክ ጋር ዝምድና የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ማይክ ሰክታችሁ ዘፍኑበት፤ ካታሎግ አትመኑ።

ማሽኑ የትኛውን ኖታ እንደሚጨምር በምን ያውቃል?

ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ማሽኑ ሁለት ነገር ያዳምጣል። በማይኩ በኩል አሁን የትኛውን ኖታ እየዘፈናችሁ እንደሆነ ይለካል። በኪቦርዱ በኩል ደግሞ ግራ እጃችሁ የያዘውን ኮርድ ያነባል። ሪትሙንና ቤዙን የሚመራው ያው ኮርድ ነው። ከዚያ ለዘፈናችሁት ኖታ ቅርብ የሆኑትን የኮርዱን ኖታዎች ይመርጥና ይጨምራቸዋል።

ኪቦርዱ ጋ ቁጭ በሉና ሞክሩት። ግራ እጃችሁ ዶ ሜጀር ይያዝ፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ሶልን አርዝማችሁ ዘምሩ። ከላይ ዶ፣ ከታች ሚ ይመጣል። ያምራል። አሁን ግራ እጃችሁን ሳታነሱ ወደ ላ ውጡ። ላ ዶ ሜጀር ውስጥ የለችም። ማሽኑ ግን የያዘው ያንኑ ኮርድ ነውና ከታች ሶልን ሊሰጣችሁ ይችላል። ሶልና ላ ጎረቤት ናቸው፤ አብረው ሲጮሁ ይፋጫሉ። ላን እንደያዛችሁ ግራ እጃችሁን ወደ ፋ ሜጀር ቀይሩ፤ ፋ፣ ላ፣ ዶ። ከላይ ዶ ከታች ፋ መጣ፣ ፍጭቱም ጠፋ። ጉሮሯችሁ ያው ነው፣ ማይኩም ያው ነው። የተቀየረው ግራ እጅ ብቻ ነው።

“ሃርሞኒው አበላሸኝ” የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ግራ እጁን የሆነው ለዚህ ነው። ከአሥር ሰባቱ እዚያው ይቀራሉ፤ ሴቲንግ ውስጥ ሳንገባ።

ኮርዱን ተከትሎ የሚሠራው ይህ ዘዴ ብዙ ኪቦርድ ላይ “ኮርዳል” ወይም “ኮርድ” ይባላል። ሌሎችም አሉ። “ስኬል” የሚባለው ኮርዱን ትቶ ኪዩን፣ ማለትም ዘፈኑ የቆመበትን የኖታ መደዳ፣ ይከተላል። ዘፈኑ በዶ ሜጀር መሆኑን ከነገራችሁትና ሦስተኛ ድምፅ ከላይ (የዘፈናችሁት ኖታ አንድ ተብሎ ሲቆጠር ሦስተኛዋን) ካዘዛችሁት፣ ዶ ስትሉ ሚ፣ ሬ ስትሉ ፋ፣ ሚ ስትሉ ሶል ይላል። ዜማውን ደረጃ በደረጃ እየተከተለ ይሄዳል። ዘፈኑ መሃል ላይ ኪይ ከቀየረ ግን እሱ አያውቅም፤ በድሮው ይቀጥላል። “ሺፍት” ደግሞ ምንም አያስብም። አራት ሴሚቶን (ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለ እርምጃ፤ ጥቁሩም ይቆጠራል) ከፍ በል ካላችሁት ሁልጊዜ አራት ነው። ዶ ላይ ሚ ይሰጣል፤ ጥሩ። ሬ ላይ ፋ ሻርፕ፣ ሚ ላይ ሶል ሻርፕ ይሰጣል። ሁለቱም ከዶ ሜጀር ውጭ ናቸው። ሺፍትን የምጠቀመው ለኦክታቭ ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት ሴሚቶን ከታች።

አራተኛው ቮኮደር ነው። ለሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ አለው።

ሃርሞኒው ቆሞ ይቆይና በድንገት ይዘላል። ለምን?

ኮርዳል ላይ ስለሆናችሁ ነው። ኮርዱ ሦስት ኖታ ብቻ ነው ያለው። እናንተ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያላችሁ ስትወጡ ተቀባዩ የሚረግጠው ደረጃ ሦስት ብቻ ነው። አንዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ከዚያ ይዘላል። ረጅም ኖታ በሚበዛበት ዜማ አይታወቅም። ፈጠን ባለ፣ ቃል በበዛበት ዜማ ግን እንደ ፌንጣ ነው።

መጀመሪያ የድምፁን ብዛት ቀንሱ። ሦስት ተቀባይ ሲዘል ከመስማት አንድ ሲዘል መስማት ይሻላል። ካልሆነ ወደ ስኬል ዙሩ። የሚዘለው ኮርድ ለረጅም ጊዜ ስለማይቀየር ከሆነም መሸጋገሪያ ኮርድ ጨምሩበት።

ሌላው ሰበብ ሰዓት ነው። ዘፋኝ ብዙ ጊዜ ቃሉን ከምቱ ቀድሞ ይጀምራል። እጁ ግን ኮርዱን የሚቀይረው ምቱ ላይ ነው። በመሃል ያለችው ቅንጣት ሰዓት ላይ አዲሱ ዜማ በአሮጌው ኮርድ ይታጀባል። ኮርዱን አስቀድሞ መጫን መድኃኒት ይመስላል፤ ቤዙም አብሮ ስለሚቀድም ይታወቅባችኋል። እኔ የማደርገው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻዬን ብዬ ከሁለተኛዋ ላይ ሃርሞኒውን ማስገባት ነው። ተቀባዮችም እኮ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚገቡት።

ስለ ኮርድ አያያዝ ሁለት ነገር ልጨምር። በአንድ ጣት ኮርድ የምትይዙ ከሆነ ሳታውቁ የነካችኋት አንዲት ቁልፍ ኮርዱን ወደ ማይነር ወይም ወደ ሰባተኛ ትቀይረዋለች። ሪትሙ ላይ ላይሰማ ይችላል፤ ሃርሞኒው ላይ ግን ያስጮኻል። መላው ኪቦርድ ኮርድ እንዲያነብ ካደረጋችሁትም የቀኝ እጃችሁ ዜማ ሳይቀር ኮርዱን ያዞረዋል። ሁለተኛው፣ ሰባተኛና ዘጠነኛ የተጨመረባቸው ኮርዶች ለማሽኑ ምርጫ ያበዙለታል። ሶል ሰባተኛ ይዛችሁ ሶል ብትዘፍኑ ፋ ከሥር ሊገባ ይችላል። ለጃዝ ያማረ ነው፤ ለተራ አዝማች ግን አይሆንም። ሃርሞኒ በሚበራበት ቦታ ግራ እጄ ድሃ ይሆናል። ሦስት ኖታ፣ በቃ።

ቮኮደር ምንድን ነው? ሮቦት ድምፅ አይደለም እንዴ?

ሁለት ነገር በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው ግራ የሚያጋባው። ጥንታዊው ቮኮደር በ1930ዎቹ ቤል ላብስ ውስጥ ሆመር ደድሊ የተባለ መሐንዲስ የሠራው ነው። ዓላማው ሙዚቃ አልነበረም፤ የሰውን ንግግር አሳንሶ በስልክ መስመር መላክ ነበር። ኋላ ሙዚቀኞች ወሰዱትና ሲንተሳይዘርን የሚያናግር መሣሪያ ሆነ። ሮቦት የሚመስለው እሱ ነው። አንዳንድ ኪቦርድ ላይ “ሲንዝ ቮኮደር” ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል።

ሃርሞኒ ውስጥ ያለው “ቮኮደር” የሚባል ዘዴ ግን ሌላ ነው። ተቀባዮቹ የሚዘፍኑት እናንተ በጣታችሁ የምትጫኑትን ኖታ ነው፤ ድምፁ ግን የእናንተው ነው። ማሽኑ ምንም አይገምትም። ሚና ዶን ከያዛችሁ ሚና ዶ ይዘፈናል፤ ጣታችሁን ስታነሱ ዝም ይላል።

እኔ በዚህ አምናለሁ። ይከብዳል፣ አልዋሽም። በግራ ኮርድ፣ በቀኝ የተቀባዩን ዜማ፣ በአፍ ደግሞ ግጥሙን። ሦስት ሥራ ነው። ግን አዝማቹ አራት መስመር ብቻ ከሆነ ሁለት ቀን ልምምድ ይበቃዋል፤ የሚወጣው ድምፅም ማሽን አይመስልም። ተቀባዩ መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚቆም፣ የትኛው ኖታ ላይ እንደሚዘገይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የቀኝ እጁ ድምፅ ሃርሞኒውን እንዳይሸፍን ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጉት፤ ብዙ ኪቦርድ ላይ ቁልፉ ድምፅ ባይሰጥም ሃርሞኒውን ማዘዙን አይተውም።

ዜማዬ ባለ አምስት ኖታ ነው። ሃርሞኒው ባዕድ ይሆንብኛል።

ጆሯችሁ ትክክል ነው። ዜማችሁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ነው እንበል። ማሽኑን በሜጀር ስኬል ሦስተኛ ከላይ ስጠኝ ብትሉት ዶ ላይ ሚ፣ ሬ ላይ ፋ፣ ሚ ላይ ሶል፣ ሶል ላይ ሲ፣ ላ ላይ ዶ ይሰጣችኋል። ፋና ሲ ከየት መጡ? ዜማችሁ ውስጥ የሉም። ዜማው አምስት ኖታ ይዞ የሠራውን ስሜት እነዚህ ሁለት እንግዶች ያፈርሱታል። ሰሚው ለምን እንደሆነ ሳይገባው “ጣዕሙ ሄደ” ይላል።

በአምስቱ ብቻ ማጀብ ከፈለጋችሁ በስኬሉ ላይ አንዷን ዘላችሁ ቀጣይዋን ውሰዱ። ዶ ላይ ሚ፣ ሬ ላይ ሶል፣ ሚ ላይ ላ፣ ሶል ላይ ዶ፣ ላ ላይ ሬ። ልብ ካላችሁ ዶና ሚ ብቻ ናቸው በሦስተኛ የሚራራቁት፤ የቀሩት ሁሉ አራተኛ ናቸው። ሦስተኛ ብቻ የሚያውቅ ፕሪሴት (አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የመጣ ሴቲንግ) ይህን ሊሠራው አይችልም። ስኬሉን ራሳችሁ እንድትሠሩ የሚፈቅድ መሣሪያ ካላችሁ እዚያ አስገቡት። ከሌላችሁ ቮኮደሩ አለ፤ ኖታዎቹን በጣታችሁ ስጡት።

ይህም ከከበዳችሁ ሃርሞኒውን ተዉትና ኦክታቭ ተጠቀሙ። ያንኑ ዜማ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ በስሱ ከሥር ማስኬድ ነው። ወይም ያንኑ ኖታ በጥቂቱ አዛንፎ መደረብ፤ ዲቲዩን የሚሉት። ሁለቱም ድምፁን ያወፍሩታል፣ ስኬሉን አይነኩም። ባለ አምስት ኖታ ዜማ ላይ ከሦስት ድምፅ ሃርሞኒ ይልቅ ይህን ነው የምመርጠው።

ምን ዓይነት ማይክ ይሻላል?

ዳይናሚክ ማይክ። ከፊቱ የሚመጣውን ተቀብሎ ከኋላው የሚመጣውን የሚያስቀር፣ ካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት። ኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት ፋንተም ኃይል ይፈልጋል፤ ብዙ ኪቦርድ ይህን አይሰጥም፣ የሚሰጡም አሉ። ቢሰጥም እንኳ ኮንደንሰር ክፍሉን ሁሉ ስለሚሰማ ለሃርሞኒ አይመችም።

ከከንፈራችሁ ሁለት ሦስት ጣት ይራቅ። ከዚያ የማይኩን ጌይን (የሚገባውን ድምፅ መጠን) በጣም ጮክ በምትሉበት ቦታ አስተካክሉት እንጂ “ሄሎ፣ ሄሎ” እያላችሁ አይሁን። ማሽኑ ኖታውን የሚለካው ከዚህ ድምፅ ነው። ደካማ ከገባ ይጠፋበታል፣ ከመጠን በላይ ከገባ ይቦጫጨቅበታል። አንድ ማይክ ላይ ሁለት ሰው አትዝፈኑ። ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ጉሮሮ ነው፤ ሁለት ሲሆንበት አንዴ የአንዱን አንዴ የሌላውን ይከተላል።

ስዘፍን ቆይቼ ዝም ስል ሃርሞኒው ለብቻው ያጉረመርማል።

ማይኩ ስፒከሩን እየሰማ ነው። ከስፒከሩ የሚወጣውን ቤዝና ፒያኖ እናንተ የዘፈናችሁ ይመስለውና እሱንም ያጅበዋል። ለማረጋገጥ የኪቦርዱን ስፒከር ዘግታችሁ በጆሮ ማዳመጫ ዘፍኑ። ከተስተካከለ ችግሩ ሴቲንግ ሳይሆን የአቀማመጥ ነው። ስፒከሩን ከማይኩ ኋላ አዙሩት፣ ሞኒተሩን ዝቅ አድርጉ፣ ወደ ማይኩ ቅረቡ። ከዚያ ኖይዝ ጌቱን አብሩ፤ ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ድምፅ በሩን ይዘጋበታል። ጌቱን በጣም ካጠበቃችሁት ግን የቃላቱን ጫፍ ይቆርጣል። በለሆሳስ የምትሉትን መስመር ዘፍናችሁ ሞክሩት።

አለዚያማ ማይኩ ማፏጨቱም አይቀር። ሃርሞኒ ሲበራ በስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ስለሚበዛ ፊድባክ ቶሎ ይመጣል። ሳውንድ ቼክ ላይ ሃርሞኒው በርቶ ሞክሩ እንጂ ጠፍቶ አይሁን።

ተቀባዮቹ ሰው አይመስሉም። እንዴት ላሳምራቸው?

መጀመሪያ ዝቅ አድርጓቸው። ብዙ ፕሪሴት ተቀባዩን ከዘፋኙ እኩል አድርጎ ነው የሚመጣው፤ ሱቅ ውስጥ ሲሞከር እንዲያስደንቅ ይመስለኛል። ቮሊዩሙን ቀንሱ፣ ቀንሱ፣ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ ትንሽ መልሱት። ጥሩው ልክ በርቶ እያለ የማይታወቅ፣ ሲጠፋ ግን “ምን ጎደለ?” የሚያሰኘው ነው።

ከዚያ የጾታ ሴቲንጉን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ “ጀንደር” ይባላል። ድምፅ ከፍ ሲደረግ የጉሮሮው ቅርጽ አብሮ ከፍ ካለ የሕፃን ወይም የካርቱን ድምፅ ይሆናል። ጀንደሩ ኖታውን ሳይነካ ይህን ቅርጽ ለብቻው ያስተካክላል። ወንድ ሆናችሁ ከላይ የሴት ተቀባይ ከፈለጋችሁ በጥቂቱ ብቻ ግፉት፤ ሲበዛ ይጋለጣል። ሁለት ተቀባይ ካለ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አድርጓቸው። ሪቨርብ ከእናንተ ይልቅ ለእነሱ በዛ ይበልላቸው፤ ከኋላ የቆሙ ይመስላሉ።

ቀሪው የአፍ ሥራ ነው። ስ፣ ሽ፣ ፍ ኖታ የላቸውም። ማሽኑ ሊያጅባቸው ሲሞክር የሚወጣው የእባብ ድምፅ ነው። ቅ፣ ጥ፣ ጭ ደግሞ ይፈነዳሉ፤ አራቱም ሰው አንድ ላይ። “ጠጥቼ” የምትለዋን ቃል አንድ ቀን በአራት ድምፅ ሞክሯት፤ ርችት ናት። በእነዚህ ፊደሎች ላይ አፋችሁን ከማይኩ ትንሽ ዘወር አድርጉ፣ የተቀባዮቹንም ቀጭን ድምፅ በኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ለይቶ በሚያስተካክለው) ቀንሱ። ሃርሞኒ የሚወደው የተሳበ አናባቢ ነው። “ኣ” እና “ኦ” ላይ ያምራል።

ማሽኑ ድምፄን እንዲያቃና ላድርገው?

ዋናውን ድምፅ የሚያቃና ሴቲንግ ብዙዎቹ አላቸው፤ ለስላሳና ጠንካራ የሚል ምርጫ ይሰጣል። ለስላሳው ሃርሞኒ ሲበራ ይጠቅማል። ተቀባዮቹ ልክ ኖታው ላይ ቆመው እናንተ በጥቂቱ ዝቅ ካላችሁ ብቻችሁን ስትዘፍኑ የማይታወቀው ስህተት ፍጥጥ ይላል። ጠንካራው ግን ድምፅን ከአንድ ኖታ ወደ ሌላ በደረጃ ያስረግጠዋል። ድምፃችሁን የምታወዛውዙ፣ ቃሏን በጉሮሮ የምታሽከረክሩ ከሆነ ያን ሁሉ ይቆራርጠዋል። አጥፉት።

መቼ ላብራው፣ መቼ ላጥፋው?

አዝማቹ ላይ አብሩት፣ ስንኙ ላይ አጥፉት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በርቶ የሚሄድ ሃርሞኒ በሦስተኛው ደቂቃ ማንም አይሰማውም፤ ጆሮ ይለምደዋል። ታሪኩን ብቻችሁን ንገሩ። አዝማቹ ሲመጣ ሰው ይግባበት። የመጀመሪያው አዝማች ላይ አንድ ተቀባይ፣ የመጨረሻው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ዘፈኑ እያደገ ይሄዳል።

ማብሪያውን ፔዳል ላይ አድርጉት። እጅ ሥራ ላይ ነው፤ በአዝማቹ መግቢያ ላይ ቁልፍ ፍለጋ የሚሄድ እጅ ኮርድ ይሳሳታል። ሌላው መንገድ ሬጂስትሬሽን ነው፤ ሴቲንጎችን አንድ ላይ አስቀምጦ በአንድ ቁልፍ የሚመልስ። ለስንኙ አንድ፣ ለአዝማቹ አንድ አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉ። ስታስቀምጡ የማይክ ሴቲንጉም አብሮ እንዲቀመጥ መመረጡን አረጋግጡ። ካልተመረጠ ሪትሙና ድምፁ ይቀየራል፣ ሃርሞኒው ግን ባለበት ይቀራል።

በዘፈን መሃል ለታዳሚው መናገር ብፈልግስ?

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ዝግጅት ላይ የመጀመሪያውን ዘፈን ጨረስኩ። ጭብጨባው ጥሩ ነበር። ማይኩን ጠጋ አልኩና “እንደምን አመሻችሁ!” አልኩ። አራት ሆኜ። ሁለቱ ቀጫጭን፣ አንዱ ወፍራም። አዳራሹ ሳቀ፤ ቀልድ መሰላቸው። “ይቅርታ” ስል እነሱም ይቅርታ አሉ። ቁልፉን እስካገኝ አራታችንም ዝም አልን።

ብዙ ኪቦርድ ለዚህ ብሎ የሠራው “ቶክ” የሚባል ቁልፍ አለው። ስትጫኑት ሃርሞኒው ይጠፋል፣ ሪቨርቡ ይቀንሳል፣ ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል። ደጋግማችሁ ስትጫኑት ጣታችሁ ሳታዩ እስኪያገኘው ተለማመዱ። ከሌላችሁ ሃርሞኒና ኢኮ የጠፉበት አንድ ባዶ ሬጂስትሬሽን ለንግግር መድቡ።

በኤምፒ3 ማጀቢያ ስዘፍን ሃርሞኒው አይሠራም። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ኤምፒ3 ውስጥ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ኮርዱ ምን እንደሆነ የሚነግር መረጃ የለውም፤ ግራ እጃችሁም ሥራ ፈቷል። ማሽኑ ማንን ይከተል? ኤምፒ3ው እየሄደ ኮርዱን በግራ እጃችሁ ያዙ። አጃቢው ድምፅ እንዳይደራረብ የሪትሙን ቮሊዩም ዝጉት ወይም ሪትሙን ሳታስነሱ የኮርድ ማንበቢያውን ብቻ አብሩ።

ሚዲ ፋይል ሌላ ነው፤ የሚይዘው ድምፅ ሳይሆን የትኛው ኖታ መቼ እንደሚጫን ነው። አንዳንዱ ኮርዱን ጽፎ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ የተቀባዮቹን ዜማ ራሱን በአንድ ቻናል ላይ ይይዛል፤ ሃርሞኒውን ያን ቻናል ተከተል ካላችሁት ቮኮደሩን የፋይሉ ኖታ ይነዳዋል። የተሳሳተ ቻናል ከመረጣችሁ ግን የጊታሩን ወይም የቤዙን መስመር ትዘምራላችሁ። አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ ያስቃል።

ትራንስፖዝ (ኖታዎቹን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን) ስጠቀም ሃርሞኒው ይዛነፋል።

ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ሃርሞኒ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይሄዳል። የሚያስቸግረው ትራንስፖዙ ሪትሙን፣ የቀኝ እጁን ወይም ሚዲውን ብቻ ለይቶ እንዲያነሳ ሲደረግ ነው። ለሙከራ ትራንስፖዙን ሁለት ከፍ አድርጉ፣ አንድ ኮርድ ያዙ፣ የኮርዱን መነሻ ኖታ አርዝማችሁ ዘምሩ። ከተፋጨ ትራንስፖዙ ሁሉንም እንዲያነሳ ሴቲንጉን ቀይሩት።

ኪቦርዴ ሃርሞኒ የለውም። ሌላ መሣሪያ ብጨምርበትስ?

ይሆናል። እንደ ቲሲ-ሄሊኮን ቮይስላይቭ ያሉ ለዘፋኝ የተሠሩ የወለል ፔዳሎች አሉ። ማይኩ ፔዳሉ ውስጥ ይገባል፣ ከፔዳሉ ወደ ሚክሰር። ኮርዱን ደግሞ ከኪቦርዱ በሚዲ ኬብል ያገኛል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ኪቦርዱ ሪትሙን ሁሉ በሚዲ ሊልክ ይችላል፤ ፔዳሉ ከበሮውንና ቤዙን እንደ ኮርድ ካነበበ ሃርሞኒው ያብዳል። የግራ እጃችሁን ኖታ ብቻ በአንድ ቻናል ላኩ፣ ፔዳሉ ያንኑ ቻናል ብቻ እንዲያዳምጥ አድርጉት። ከመግዛታችሁ በፊት ፔዳሉ የሚዲ መግቢያ እንዳለው እዩ፤ ጊታር ብቻ የሚቀበሉ አሉ።

የዘፈንኩትን ስቀዳ ሃርሞኒው አብሮ ይቀዳል?

በሚዲ ከቀዳችሁ ድምፃችሁም ሃርሞኒውም አይኖርም። ሚዲ የሚቀዳው የተጫናችሁትን ቁልፍ ነው። ኪቦርዱ ወደ ፍላሽ በኦዲዮ የሚቀዳ ከሆነ ሁሉም አብሮ ይገባል፤ ሪትሙ፣ ድምፃችሁ፣ ተቀባዮቹ፣ ሪቨርቡ። ከገባ በኋላ ግን ተቀባዩን ለብቻው መቀነስ አይቻልም። ስለዚህ እኔ ሁለት ጊዜ እቀዳለሁ። አንዱን ሃርሞኒው በርቶ፣ አንዱን ጠፍቶ። በማግስቱ ጆሮዬ ካረፈ በኋላ ሁለቱንም እሰማቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ የማስቀረው ጠፍቶ የተቀዳውን ነው፤ የአዝማቹን ቦታ ብቻ ከሌላኛው ቆርጬ እቀጥልበታለሁ። ሪትሙ በሁለቱም ላይ እኩል ፍጥነት ስላለው መጋጠሚያው አይታወቅም።